አውሮፓ ገንዘቡን አገኘች፤ ጊዜውን ግን ከየት ታመጣዋለች?

ጥጥ ሲዳመጥ ፍሬው ላይ ተለጥፎ የሚቀር አጭር ጭረት አለ። ለፈትል አይሆንም፤ ረጅሙ ጥጥ ወደ እንዝርት ሲሄድ እሱ ከፍሬው ጋር ይቀራል። ይህ ጭረት በአሲድ ሲታከም ጠባዩን ይለውጥና ናይትሮሴሉሎስ የሚባል፣ ብልጭታ ሲነካው ቦግ ብሎ የሚነድ ነገር ይወጣዋል። ዛሬ የመድፍ ጥይትን የሚያስወነጭፈው ባሩድ የሚሠራው ከዚሁ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023 የመድፍ ጥይት በብዛት ለማምረት ስትነሣ ካጋጠሟት ማነቆዎች አንዱ ይኸው የጥጥ ጭረት ነበር፤ አብዛኛውን የምታስመጣው ከቻይና ነውና።

ስለ አውሮፓ መከላከያ በዜና የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ቢሊዮኖቹን ነው። 800 ቢሊዮን ዩሮ ተባለ፣ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 5 በመቶ ተባለ። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ይሁንና አንድ መንግሥት በጀቱን ካጸደቀበት ቀን አንሥቶ ጥይቱ መድፉ አጠገብ እስከሚከመርበት ቀን ያለው መንገድ ረጅም ነው። በመካከሉ የጥጥ ነጋዴ፣ የኬሚካል ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ድልድይ፣ የሠለጠነ ተኳሽ፣ የይለፍ ወረቀት የሚፈርም ሹም አለ። ወታደራዊ ዝግጁነት ሲባል ዋናው ጥያቄ ይህ መንገድ ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ተደርጎ መወራቱ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ተገኝቷል፤ ያጠረው ጊዜ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሁሉ መነሻ መልካም ዜና ነበር። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የምዕራብ አውሮፓ ሕዝቦች ከአርባ ዓመት በላይ ተጭኗቸው የኖረው ፍርሃት ወረደላቸው። ለጦር ይውል የነበረው ገንዘብ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ጡረታና ወደ ትምህርት ቤት ዞረ። ማንም ሕዝብ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበርና አልፈርድባቸውም። ምዕራብ ጀርመን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መደበኛ ጦርና ከ2,000 በላይ ሊዮፓርድ 2 ታንኮች ነበሯት። የተዋሐደችው ጀርመን ዛሬ ያላት 180,000 ያህል ወታደርና 300 ገደማ ታንክ ነው። የግዴታ ውትድርናንም በ2011 አቁማለች። ሩሲያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት የጀርመን ምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል አልፎንስ ማይስ፣ እሳቸው የሚመሩት ጦር ባዶ እጁን ቆሟል ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ እንዳለ በአደባባይ ጻፉ። የአውሮፓ ትልቁ ኢኮኖሚ የጦር አዛዥ ጦርነት በፈነዳበት ማለዳ የሚጽፈው ይህን ከሆነ፣ ቀሪዎቹ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። ከሦስት ቀን በኋላ መራሔ መንግሥቱ ኦላፍ ሾልዝ ፓርላማ ቀርበው ዘመን መለወጡን ተናገሩ፤ ለመከላከያም የ100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ አስታወቁ።

ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ በፍጥነት ነው የጎረፈው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) አባላት በ2014 ዌልስ ላይ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ከጠቅላላ ምርታቸው 2 በመቶውን ለመከላከያ ለማዋል ሲስማሙ፣ ያን ያሟሉት አሜሪካ፣ ብሪታኒያና ግሪክ ብቻ ነበሩ። በ2025 ሁሉም ይደርሱበታል ተብሎ ተገመተ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ሄግ ላይ ደግሞ ግቡ ወደ 5 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ 3.5 በመቶው ለጦሩ፣ 1.5 በመቶው ለመንገድ፣ ለወደብ፣ ለሳይበር ጥበቃና ለመሳሰሉት፣ የመጨረሻው ቀነ ገደብ 2035። ስፔን ይህን አልችልም ብላ በግልጽ ተቃውማለች። ከሩሲያ ድንበር የራቀ አገርና ድንበሩ ላይ የተቀመጠ አገር ስጋቱን በአንድ ዓይን አያዩትም።

“800 ቢሊዮን” የሚለውን ቁጥር ግን ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን ማርች 2025 ላይ ይፋ ያደረጉት ይህ ገንዘብ አንድ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም። 650 ቢሊዮኑ አባል አገሮች የኅብረቱን የበጀት ጉድለት ገደብ እንዲያልፉ ሲፈቀድላቸው ከየራሳቸው ያወጡታል ተብሎ የተሰላ ግምት ነው። የቀረውን 150 ቢሊዮን ኅብረቱ በራሱ ስም ከገበያ ተበድሮ ለአባላቱ ያበድራል። መክፈያው እስከ 45 ዓመት ይዘልቃል፤ ዛሬ የሚወለድ ሕፃን ጎልምሶ ልጆች ካፈራ በኋላም የሚከፍለው ዕዳ ነው ማለት ነው። ትልቁ ድርሻ፣ 43 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ፣ የተመደበው ለፖላንድ ነው። አበዳሪው የጣለው አንድ ጠንካራ ግዴታም አለ፦ ከሚገዛው መሣሪያ የአካላት ዋጋ ቢያንስ 65 በመቶው በኅብረቱ አገሮች፣ በቅርብ ጎረቤቶቹ ወይም በዩክሬን የተሠራ መሆን ይኖርበታል። የአውሮፓ ገንዘብ ተመልሶ የአሜሪካን ፋብሪካ ብቻ እንዳይመግብ ነው። ጀርመን በበኩሏ፣ መንግሥቷን እንደ ልቡ እንዳይበደር በሕገ መንግሥት አስራ የኖረችው ጀርመን፣ በዚያው ማርች ወር ያንን አንቀጽ አሻሽላ ለመከላከያ የሚወጣውን ገንዘብ አብዛኛውን ክፍል ከገደቡ አወጣችው። የጀርመንን የቁጠባ ልማድ የሚያውቅ ሰው የፍርሃቱን መጠን ከዚህ ውሳኔ ሊለካው ይችላል።

አሁን ወደ ጥይቱ እንመለስ። የኔቶ መደበኛ የመድፍ ጥይት ወርዱ 155 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሆነ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ተኳሹ አቅፎ ነው የሚያነሣው። ጥቅጥቅ ያለ ብረት በእሳት ቀልቶ በከባድ መጭመቂያ ውስጡ ይቦረቦራል፣ በማሽን ይሞረዳል፣ ቀልጦ የተዘጋጀ ፈንጂ ይሞላበታል፤ በመሙላቱ ጊዜ አየር ተይዞበት እንደሆነም ይመረመራል፤ በውስጡ የቀረች ቀዳዳ ጥይቱን ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ልታፈነዳው ትችላለችና። የአውሮፓ ኅብረት ማርች 2023 ላይ በ12 ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለዩክሬን ለመስጠት ቃል ገባ። ቀኑ ሲደርስ የተሰጠው ግማሽ ያህሉ ነበር።

የጎደለው ግማሽ ብዙ ያስተምራል። ፋብሪካዎቹ ለሰላም ጊዜ ልምምድ የሚበቃ ጥይት እንዲያመርቱ ተደርገው ለሠላሳ ዓመት ጠበዋል። የፋብሪካ ባለቤት ደግሞ ለአንድ ዓመት ትእዛዝ ብሎ አዲስ መስመር አይተክልም፤ የአሥር ዓመት ውል ይፈልጋል። መንግሥታት ያንን ውል ለመፈረም ወራት ፈጀባቸው። መስመሩ ቢተከል እንኳ ባሩዱ ጥጥ ይፈልጋል፣ ፈንጂው ቲ.ኤን.ቲ. ይፈልጋል፤ በአውሮፓ ትልቁ የቲ.ኤን.ቲ. አምራች ያለው ፖላንድ ውስጥ በቢድጎሽች ከተማ ነው። በአንድ ጫፍ የሳሳ ገመድ መሐሉ ቢወፍር አይረባም። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንላለን፤ የዚያ ዓመት አውሮፓ እየሮጠች ነበር የምትታጠቀው።

ትጥቁ አሁን እየጠበቀ መሆኑን መካድ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ራይንሜታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኡንተርሉስ በሚባል ቦታ ፌብሩዋሪ 2024 መሠረት ጥሎ ኦገስት 2025 ፋብሪካውን መረቀ፤ በአንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው። በ2027 በዓመት 350,000 ጥይት እንዲያመርት ታቅዷል። እንደዚያም ሆኖ የኔቶ ዋና ጸሐፊ ማርክ ሩተ፣ ሩሲያ በሦስት ወር የምታመርተውን የመሣሪያ ጥይት መላው ኔቶ የሚያመርተው በዓመት መሆኑን ጁን 2025 ላይ ተናግረዋል። ሩሲያ በአምስት ዓመት ውስጥ በኔቶ ላይ ኃይል ለመጠቀም ዝግጁ ልትሆን እንደምትችልም በዚያው ንግግር አስጠንቅቀዋል። ይህ ግምት ነው፤ ሆኖም ዕቅዶቹ ሁሉ ዓመተ ምሕረታቸውን የሚቆጥሩት ከዚህ ግምት ነው።

ሌላው ጉዳይ የመሣሪያው ዓይነት መብዛት ነው። ኮሚሽኑ በ2017 ባወጣው ንጽጽር በኅብረቱ አገሮች ውስጥ 17 ዓይነት ከባድ ታንክ ሲኖር አሜሪካ የነበራት አንድ ነው። አሥራ ሰባት ዓይነት ታንክ ማለት አሥራ ሰባት ዓይነት መለዋወጫ፣ አሥራ ሰባት ዓይነት መካኒክ ማለት ነው። እያንዳንዱ አገር ፋብሪካውን፣ ሠራተኛውንና የሠራተኛውን የምርጫ ድምፅ ማጣት ስለማይፈልግ ብክነቱን እያወቀ ይቀጥላል። ብራስልስ ውስጥ ስለ አንድነት የሚናገር ሚኒስትር አገሩ ሲመለስ የመራጮቹን ፋብሪካ ነው የሚጠብቀው። ለዚህ እስካሁን መፍትሔ አልተገኘም።

የተመረተው መሣሪያ ደግሞ መጓዝ አለበት። አንድ ሊዮፓርድ 2 ታንክ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ተሸካሚው ተሽከርካሪ ሲጨመርበት ብዙ የአውሮፓ ድልድዮች አይችሉትም። የኅብረቱ የኦዲት ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ የአንድ አባል አገር ታንኮች የመንገድ ክብደት ገደብ በማለፋቸው በሌላው አባል አገር እንዳያልፉ መከልከላቸውን፣ ድንበሩን ለሚሻገር ወታደራዊ ጉዞ የ45 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ የሚጠይቅ አገር መኖሩንም ገልጿል። አርባ አምስት ቀን! በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ትንሽ አገር ሊወረር፣ ሊያዝና መንግሥቱ ሊለወጥ ይችላል። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ይህ ፈቃድ በሰላም ጊዜ ከሦስት ቀን፣ በአስቸኳይ ጊዜ ከስድስት ሰዓት እንዳይበልጥ የሚያደርግ ሕግ አቅርቧል።

ከድልድዩ ይልቅ የሚያስጨንቀው የባልቲክ አገሮች ሐዲድ ነው። ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ በሩሲያ ግዛት ዘመን የወረሱት ሐዲድ ወርዱ 1,520 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአብዛኛው አውሮፓ ግን 1,435 ነው። ልዩነቱ የአንድ መዳፍ ወርድ ያህል ነው። በዚህች መዳፍ ምክንያት ከጀርመን የተነሣ የጦር ጭነት ሊቱዌኒያ ውስጥ ካውናስ ድረስ ቢዘልቅ፣ ከዚያ በላይ ለመሄድ ወርዶ ሌላ ባቡር ላይ መጫን አለበት። ከታሊን እስከ ፖላንድ ድንበር 870 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ሐዲድ እየተሠራ ነው፤ ቀጠሮው 2030 ነው። ሦስቱን አገሮች ከቀሩት አጋሮቻቸው ጋር በየብስ የሚያገናኛቸው ደግሞ በቤላሩስና በሩሲያዋ ካሊኒንግራድ መካከል ያለው የሱዋውኪ ሰርጥ ብቻ ነው፤ ወርዱ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ብርጌድ በቋሚነት ውጭ አገር የምታሰፍረው በዚሁ ስጋት ምክንያት ነው። ሊቱዌኒያ ውስጥ የሚሰፍረው ይህ 5,000 ያህል ሰው ያለው ጦር ተሟልቶ የሚገኘው በ2027 መጨረሻ ነው።

ብዙ ሰው “ኔቶ ካለ ምን ያስፈራቸዋል?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በኔቶ ውል አንቀጽ 5 ውስጥ ይገኛል። አንዱ ከተጠቃ ሁሉም እንደተጠቁ ይቆጠራል ይላል። ቀጥሎ ግን እያንዳንዱ አባል “አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን” እርምጃ ይወስዳል ይላል። የጦር ኃይል መጠቀም ከእርምጃዎቹ አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ስለዚህ ውሉ የሚቆመው በፊደሉ ላይ ሳይሆን ጠላት በሚያምነው ነገር ላይ ነው፤ አሜሪካ በእርግጥ ትመጣለች ብሎ ካመነ አይሞክርም። አንቀጹ እስካሁን በሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በ2001 ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ለአሜሪካ ለራሷ። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 42(7) በቃላት ረገድ ይበልጥ የጠነከረ ነው፤ ባለው አቅም ሁሉ መርዳትን ግዴታ ያደርጋል። ከጀርባው ግን እንደ ኔቶ ያለ የጦር እዝ የለም።

የአሜሪካ ጉዳይ ከባድ የሚሆነው የወታደሮቿ ቁጥር ስለሚበዛ ብቻ አይደለም። ከሰማይ የሚያዩት ሳተላይቶች፣ ተዋጊ አውሮፕላኖችን አየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉት፣ ከባድ ጭነት የሚያነሱት፣ የረጅም ርቀት ሚሳይል የሚያከሽፉት መሣሪያዎች በብዛት የእሷ ናቸው። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት ብራስልስ ላይ ቆመው አገራቸው ከእንግዲህ በዋነኛነት የአውሮፓን ደኅንነት የምትመለከት እንደማትሆን ሲናገሩ፣ አድማጮቹ የሰሙት እነዚህ ሁሉ አንድ ቀን ላይኖሩ እንደሚችሉ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነት ጭንቀት በታሪክ እናውቀዋለን። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳንም አንዱ አባል ሲወረር ሌሎቹ ሁሉ እንደተነኩ ይቆጠራል የሚል ነበር። ጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው የተናገሩት፣ ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የጋራ ደኅንነት የሚባለው ራሱ መሆኑን ነበር። ቃል ኪዳኑ በወረቀት ላይ ሙሉ ነበር። ያልነበረው የሚያስፈጽመው ኃይልና ፈቃድ ነው። የፖላንድና የኢስቶኒያ መሪዎች ዛሬ ስለ አንቀጽ 5 ሲናገሩ በሰማሁ ቁጥር የጄኔቫው አዳራሽ ይታየኛል፤ ጭንቀታቸው ያለ ልክ የተጋነነ ነው ለማለትም አልደፍርም።

ጠላት ደግሞ ሁልጊዜ በታንክ አይመጣም። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ሃያ ያህል የሩሲያ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የፖላንድን አየር ጣሱ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከፎምና ከቀጭን ጣውላ የተሠሩ ርካሽ ማታለያዎች ነበሩ። እነሱን ለመጣል የተነሡት የኔዘርላንድ ኤፍ 35 ጄቶች ናቸው፤ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች መካከል። ዝንብን በጎራዴ እንደማባረር ነው፤ ዝንቡ ቢሞትም ጎራዴው ይዶለዱማል። ዩክሬን በየሌሊቱ የምትጋፈጠው ይህንኑ ስለሆነ፣ ርካሽ ድሮንን በርካሽ ድሮን መምታት የሚቻልበትን ጥበብ አውሮፓ አሁን የምትማረው ከእሷ ነው። በባሕር ሥርም እንዲሁ። በ2024 የገና ዕለት ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆረጠ፤ ፊንላንድ “ኢግል ኤስ” የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ገመዱን በጥሳለች ብላ ያዘቻት። የሄልሲንኪ ፍርድ ቤት ግን ድርጊቱ ከአገሪቱ የባሕር ክልል ውጪ ስለተፈጸመ የመዳኘት ሥልጣን የለኝም ብሎ በ2025 ክሱን ዘጋው። መርከብ መያዝ ተችሏል፤ ሕጉ ግን አልደረሰም።

ይህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ቦታ ይነሣል። የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ፌብሩዋሪ 2025 ላይ የመከላከያ በጀትን ወደ 2.5 በመቶ ሲያሳድጉ ገንዘቡ የሚመጣው ከውጭ እርዳታ መሆኑን አልሸሸጉም፤ እርዳታው በ2027 ከብሔራዊ ገቢ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል። ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የብሪታኒያን እርዳታ በብዛት ከሚያገኙ አገሮች አንዷ ናት። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያጣ ምክንያቱ ሱዋውኪ ሰርጥ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

በመጨረሻም ሰው ያስፈልጋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ጀርመን ዲሴምበር 2025 ባጸደቀችው ሕግ በ2008 እና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ወንዶች 18 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ያላቸውን ፈቃደኝነትና ብቃት የሚጠይቅ ቅጽ መሙላት ግዴታቸው ነው፤ ለሴቶች በፈቃድ ነው። አገልግሎቱ ለጊዜው በፈቃደኝነት ይቆያል። ዴንማርክ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሴቶችንም በግዴታው ዕጣ ውስጥ አስገብታለች። በስዊድን ከ16 እስከ 70 ዓመት ያለ ነዋሪ ሁሉ በጦርነት ጊዜ ለአገር መከላከል የመታዘዝ ግዴታ አለበት። ግዴታው ዘር አይለይም፤ ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ተወልደው ዜግነት የያዙ የእኛ ልጆችም እንደ ማንኛውም እኩያቸው ደብዳቤው ይደርሳቸዋል። በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ልጅ የሸኘች እናት ይህን ፖስታ ስትከፍት ምን እንደሚሰማት ጀርመናዊ ጎረቤቷ ሙሉ በሙሉ ላይገባው ይችላል።

ፊንላንድ ግን ይህን ውይይት አቋርጣው አታውቅም። 5.6 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ፣ ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ እየተዋሰነች፣ ክተት ሲታወጅ 280,000 ሰው ታሰልፋለች። ከተወሰነ ስፋት በላይ የሆነ ሕንጻ የሚሠራ ሰው መጠለያ እንዲሠራም ሕጉ ያስገድዳል፤ በዚህ መንገድ 50,500 ያህል መጠለያዎች ተሠርተው 4.8 ሚሊዮን ሰው ይይዛሉ። በሄልሲንኪ ምሥራቅ ኢታከስኩስ በሚባለው ሠፈር ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ የዋና ገንዳ አለ። ሰዎች በየዕለቱ ይዋኙበታል። ክፉ ቀን ከመጣ ውኃው ተለቆ በ72 ሰዓት ውስጥ 3,800 ሰው የሚያስጠልል ዋሻ ይሆናል። ገንዳው የተከፈተው በ1993 ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ሌላው አውሮፓ ታንኩን እየቀነሰ፣ የጦር ሰፈሩን እየዘጋ በነበረበት ጊዜ።